ሦስት ካርድ ፍለጋ ሁለት ሚሊዮን ካርድ

— ዛሬም የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ከበሩ አልፎ ግቢው ውስጥ ያለው ዛፍ ሥር ደርሶ ነበር። ሠራተኛዋ የአንዲት እናት ስም ጻፈችና እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ መጠበቅ ጀመረች። ሰባት ሰከንድ። አንዳንዴ ዘጠኝ ይሞላል። ከዚያ ለሰልፉ «ሲስተሙ እየዘገየ ነው፤ ትንሽ ታገሡ» ትላለች። እኔ አዲስ ሰርቨር እንዲገዛ ማመልከቻ ጽፌአለሁ፤ አንቺም በዳታቤዙ በኩል ፈርሚልኝ።

— ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰባቱ ሰከንድ የሚያልቀው ምን ላይ ነው?

— ዳታቤዙ ላይ ነዋ። ሁለት ሚሊዮን ታካሚ ተመዝግቧል፤ ማሽኑም አርጅቷል።

— «አሞኛል» ብሎ ለመጣ ሰው ምኑን እንዳመመው ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም አለ? ኩዌሪው የሚዘገየው እየሠራ ነው ወይስ እየጠበቀ? ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሌላ ትራንዛክሽን የቆለፈውን ረድፍ ቆሞ ለሚጠብቅ ኩዌሪ ግን አሥር ፕሮሰሰር ብትጨምርለት ያው ቆሞ ይጠብቃል። ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ ይህን አይደብቅህም፤ «ፒጂ ስታት አክቲቪቲ» የሚባለው ዝርዝር ላይ እያንዳንዱ ኩዌሪ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ይጻፋል።

— እሱንማ አይቻለሁ። ምንም አይጠብቅም። እየሠራ ነው፤ ሰባቱንም ሰከንድ።

— ጥሩ፤ ግማሹን መንገድ ሄደሃል ማለት ነው። ቀጥሎ «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» ብለህ አስነሣውና ፕላኑን አንብብ። ይህ ትእዛዝ ኩዌሪውን በእርግጥ እንደሚያስኬደው ብቻ አትርሳ። «ዴሊት» ወይም «አፕዴት» ከሆነ ትራንዛክሽን ውስጥ አስገብተህ መጨረሻ ላይ ካልመለስከው የእውነት ታጠፋለህ። የስም ፍለጋውን እኔ ትናንት አንብቤዋለሁ። ሁለት ቁጥር ነው ያየሁት። የፍለጋውን መንገድ የሚመርጠው ፕላነር አገኛለሁ ብሎ የገመተው 10,000 ረድፍ፤ በተግባር ያገኘው 3።

— ግምት መሳቱ ምን ያስደንቃል? ግምት ነው።

— መሳቱ ሳይሆን የሳተበት መንገድ ነው የገረመኝ። ሌላ ስም ሰጠሁት፤ 10,000 አለ። በከተማው እንደ አሸዋ የበዛ ስም ሰጠሁት፤ አሁንም 10,000። በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ስም ብጽፍለትም 10,000። ከሁለት ሚሊዮን 0.5 በመቶ ማለት ነው። ፖስትግሬስ ስለተጠየቀው ነገር ምንም ሳያውቅ ሲቀር የሚያወጣት ቁጥር ናት። ግምት እንኳ አልነበረም፤ «አላውቅም» ማለቱ ነው።

— እንዴት አያውቅም? የስም ዓምዱ ላይ ኢንዴክስ አለን። እኔ ራሴ ነኝ ያሠራሁት።

— በስሙ ላይ አለ። ኩዌሪው የሚጠይቀው ግን ስሙን አይደለም። ፀሐይን አስብ። አንዱ መዝጋቢ በፀሐዩ ፀ፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ ይጽፋታል። ለሐዋ ሐመሩ ሐ የሚመጣለት አለ፤ ሃሌታው ሀ የሚቀናው አለ። ሠራዊትና ሰላም፣ ዓለምና አለም እንደዚሁ። ፕሮግራሙን የጻፈው ልጅ ይህን አስቦ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ፈንክሽን ሠራ። ብልህ ልጅ ነው፤ ያለዚያ የስንት ሰው ካርድ ጠፍቶ ይቀር ነበር። ግን ፈንክሽኑን ያስገባው በተፈላጊው ስም ላይ ብቻ አይደለም፤ በዓምዱም ላይ ነው። ስለዚህ ዳታቤዙ አንዲት እናት በመጣች ቁጥር የሁለት ሚሊዮን ሰው ስም አንድ በአንድ አውጥቶ ፊደሉን አስተካክሎ ያስተያያል። አንድ ረድፍ ወደ 200 ባይት ቢሆን፣ በፖስትግሬስ አንድ ገጽ 8 ኪሎባይት ነውና 40 ያህል ረድፍ ይይዛል። ወደ 50,000 ገጽ ይገለጣል ማለት ነው። ለሦስት ካርድ።

— ኢንዴክሱስ?

— ባልተስተካከለው ፊደል የተደረደረ ስለሆነ አይጠቅመውም። በወረቀቱ ዘመን ካርድ ክፍል ውስጥ በስም ተራ የሚደረደሩ ትንንሽ ካርዶች የነበሩበትን መሳቢያ ታስታውሳለህ? ኢንዴክስ እሱ ነው። መሳቢያው የተደረደረው በአንድ ሥርዓት፣ አንተ የምትፈልገው በሌላ ሥርዓት ከሆነ፣ መሳቢያው እያለ መደርደሪያውን ሁሉ ስታወርድ ትውላለህ። መፍትሔው የተስተካከለውን ስም ራሱን ኢንዴክስ ማድረግ ነው፤ ፖስትግሬስ በፈንክሽን ውጤት ላይ ኢንዴክስ መሥራት ይፈቅዳል። ከዚያ «አናላይዝ» ስትለው ስለ ተስተካከሉት ስሞች ስታቲስቲክስ ይሰበስባል፤ የበዛውን ስም ከብርቁ ይለያል። የኢንዴክሱ ዛፍ በየገጹ መቶዎችን ስለሚይዝ ከሁለት ሚሊዮን ውስጥ አንዱን ለማግኘት ሦስት አራት ገጽ መግለጥ ይበቃል። በሙከራው ማሽን ላይ ከ5 ሚሊሰከንድ በታች ወርዷል።

— ደስ ይላል። ደስ ስለሚል ነው የምፈራው። እያንዳንዱ ኢንዴክስ ታካሚ በተመዘገበ ቁጥር ይጻፋል። አንዱ የስም፣ አንዱ የስልክ፣ አንዱ የቀን እያልን ስንጨምር ፍለጋው ፈጥኖ ምዝገባው ይዘገያል፤ ሰልፉ ከዚህ መስኮት ወደዚያ መስኮት ተዛወረ እንጂ አላጠረም።

— እውነት ነው። ፖስትግሬስ እያንዳንዱ ኢንዴክስ ስንት ጊዜ እንደተነካ ይቆጥራል፤ ያንን አይተህ ዜሮ የሆኑትን ታነሣለህ። የአንድን ነገር ብቸኝነት የሚጠብቁት ግን ዜሮ ቢሆኑም አይነኩም። ይኼ ቀላሉ ነው።

— እሺ፣ ከባዱን ላምጣልሽ። ያ ፈንክሽን ነገ ቢሻሻልስ? አንድ ሰው መጥቶ «ኸም ወደ ሀ ይመለስ» ብሎ አንድ መስመር ቢጨምርበት፣ ኢንዴክሱ የተገነባው በአሮጌው ሕግ፣ ጥያቄው የሚመጣው በአዲሱ ሕግ ይሆናል። ያኔ ኩዌሪው በ5 ሚሊሰከንድ «እንዲህ የሚባል ታካሚ የለም» ብሎ ይመልሳል። ሠራተኛዋ አዲስ ካርድ ታወጣለች። በአሮጌው ካርድ ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» ተብሎ የተጻፈው አዲሱ ላይ የለም። እኔ ሰባት ሰከንድ ጠብቆ ትክክለኛውን የሚያወጣልኝን እመርጣለሁ።

— ይህን ማንሣትህ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው አያነሣውም። ፖስትግሬስ እንዲህ ያለ ኢንዴክስ የሚፈቅደው ፈንክሽኑ ለአንድ ግብዓት ምንጊዜም አንድ ውጤት እንደሚሰጥ ቃል ስትገባለት ነው። ቃሉን ካፈረስክ አያስጠነቅቅህም። ውጤቱን በሌላ ዓምድ ውስጥ አስቀምጦ ማቆየትም ይቻላል፤ ግን ፈንክሽኑ ሲለወጥ የድሮዎቹ ረድፎች በራሳቸው አይታደሱም። ከዚህ ማምለጫ የለም። እኔ የማደርገው ፈንክሽኑን ፈጽሞ አለማሻሻል ነው። ሕጉ ከተለወጠ በፈንክሽኑ ስም ላይ ቁጥር 2 ጨምሬ አዲስ ፈንክሽን እጽፋለሁ፤ አዲስ ኢንዴክስ እሠራለሁ፤ ኩዌሪውን አዞራለሁ፤ ከዚያ አሮጌውን እጥላለሁ።

— አንቺ የምታደርጊው። አንቺ ሌላ ቦታ ሥራ ስታገኚስ? ሰርቨር ብገዛ ግን ማንም ይምጣ ማን ፈጣን ነው።

— በዚህ ላይ መልስ የለኝም። የፈንክሽኑ አናት ላይ አስተያየት ጽፌ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚያነበው ሰው ነው።

— እንግዲያው ከሥሩ እንጀምር። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ትያለሽና። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 የሬሌሽናሉን ሐሳብ ሲያቀርብ ዋናው ነገር ምን ነበር? ተጠቃሚው መረጃው ማሽኑ ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ ማወቅ አይገባውም ነው። «ምን እንደምትፈልግ ንገረኝ፤ እንዴት እንደማገኘው ለኔ ተወው» የሚል ኪዳን ነው። አንቺ ግን ዛሬ ስለ ገጽ፣ ስለ ዛፍ፣ ስለ መሳቢያ እያስተማርሽኝ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ኪዳኑ የታለ?

— ኪዳኑ በግማሽ ተጠብቋል። መንገዱን አንተ አትመርጥም፤ እሱ ይመርጣል። ለመምረጥ ግን ስለ መረጃው ማወቅ አለበት፤ ሳያውቅ ሲቀር ይገምታል። ፓትሪሺያ ሰሊንጀርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1979 በአይቢኤም የሠሩትን ፕላነር ሲያስረዱ ይህንኑ በግልጽ ጽፈውታል፤ ኢንዴክስ በሌለው ዓምድ ላይ «ከዚህ እኩል የሆነውን አምጣ» ከተባለ፣ ከአሥር አንዱ ረድፍ ያሟላል ተብሎ ይወሰድ አሉ። አንድ አሥረኛ! ከማንም መረጃ አልመጣም፤ የሆነ ቁጥር ማስቀመጥ ስለነበረባቸው ነው። የኛዋ 0.5 በመቶ የዚያች የልጅ ልጅ ናት።

— አየሽ፣ ለኔ መሰከርሽ። ቪክቶር ላይስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 የፊልም መረጃ ላይ 113 ኩዌሪ አዘጋጅተው የታወቁ ዳታቤዞችን ፈትነዋል። የሚጋጠሙት ሠንጠረዦች በበዙ ቁጥር የሁሉም ግምት በብዙ እጥፍ እየሳተ ሄደ። በገንዘብ የሚሸጠውም ሳተ። ፕላን እያነበብሽ አንዱን ስትጠግኚ ሌላው ይስታል። ዕድሜሽን ሁሉ የማሽኑን ስህተት ስታርሚ ልትኖሪ ነው?

— ግን የት እንደሚስት ይታወቃል፤ በዘፈቀደ አይስትም። ከኛው ዳታ ላሳይህ። ከሁለት ሚሊዮን ታካሚዎች ውስጥ ከአንድ ክልል የመጡት 2 በመቶ ናቸው እንበል። ከክልሉ አንዱ ዞን ከጠቅላላው 0.2 በመቶ፣ ከዞኑ አንዷ ወረዳ 0.05 በመቶ። ሪፖርቱ ሦስቱንም በአንድ ላይ ሲጠይቅ ፕላነሩ ምን ያደርጋል? ሦስቱን ያባዛል። ወረዳዋ በዞኑ፣ ዞኑም በክልሉ ውስጥ መሆኑን አያውቅም፤ ለሱ ሦስት የማይተዋወቁ ነገሮች ናቸው። ሲያባዛ የሚደርሰው የአንድ ሰው መቶኛ ክፍሎች ላይ ነው፤ ከአንድ በታች ስለማይገምት «አንድ ረድፍ» ይላል። በተግባር ያሉት አንድ ሺህ ናቸው።

— ከአንድ ወደ አንድ ሺህ ይህን ያህል ያጣላል? ማሽን ነው።

— መንገዱን ይለውጠዋል። አንድ ታካሚ ብቻ ካለ የሱን ጉብኝቶች ከትልቁ ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ አስሶ ማምጣት ብልህነት ነው። አንድ ሺህ ሲሆኑ ያንኑ ትልቅ ሠንጠረዥ አንድ ሺህ ጊዜ ያስሳል። ፕላነሩ እንደ መረጃው ትክክል ነበር፤ መረጃው ነው ጎደሎ። ከፖስትግሬስ 10 ጀምሮ «እነዚህ ዓምዶች የተያያዙ ናቸው» ብለህ ልትነግረው ትችላለህ። አንድ መስመር ነው። ፕላኑ ላይ ግምቱና እውነቱ መጀመሪያ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ጣትህን አድርግ፤ ከዚያ በላይ ያለው ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ የዚያ ልጅ ነው።

— ዓመታዊ ሪፖርቱ ግን ይህንንም አድርገንለት አልፈጠነም።

— እሱ ሌላ ሕመም ነው፤ የኛ አገር ሕመም። ቀኑ በዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሪፖርቱ የሚጠየቀው በበጀት ዓመት ነው፤ ሐምሌ 1 ተነሥቶ ሰኔ 30 የሚዘጋ። የጻፈው ሰው እያንዳንዱን የጉብኝት ቀን ወደ ኢትዮጵያ ቀን ይለውጥና «2016 በጀት ዓመት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በሁሉም ረድፍ ላይ። ልክ እንደ ፊደሉ። ግን እዚህ ኢንዴክስ እንኳ መጨመር አያስፈልግም። የ2016 በጀት ዓመት ሁለቱን ጫፎች አንድ ጊዜ ለውጣቸው፤ ከጁላይ 8፣ 2023 ጀምሮ ከጁላይ 8፣ 2024 በፊት። ዓምዱን አትንካው። ያን ጊዜ የቀኑ ኢንዴክስ ራሱ ይበቃዋል። ጥያቄው ያው ነው፤ አጠያየቁ ብቻ ተለወጠ።

— አጠያየቅ እያልሽ ጥፋቱን ሁሉ ወደ ዴቨሎፐሩ ታዞሪያለሽ። ዴቨሎፐሩ ነገ ሌላ ነገር ማድረስ አለበት። የሱ ሦስት ቀን ከአንድ ሰርቨር ዋጋ በላይ ሊሆን ይችላል።

— ሌላ አገር እንዲህ ይባላል፤ እዚያ እውነት ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ሰርቨሩ የሚመጣው በዶላር ነው፤ የልጁ ደመወዝ በብር ነው። ጨረታው፣ የውጭ ምንዛሪ ወረፋው፣ ጉምሩኩ፤ ስንት ወር እንደሚፈጅ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። እስከዚያ ሰልፉ ዛፉ ሥር ነው። ደግሞ ማሽኑ እጥፍ ቢፈጥንልህ ሰባቱ ሰከንድ ሦስት ተኩል ይሆናል። ታካሚው እጥፍ ሲሆን ተመልሶ ሰባት ነው። ሦስት አራት ገጽ የሚገልጠው ግን ታካሚው እጥፍ ቢሆንም ያው ሦስት አራት ገጽ ነው።

— ባለፈው ኤስኤስዲ ስናስገባ ግን ለውጥ አይተናል። አትካጂ።

— አልክድም። ዲስክ ጠቅሞናል። ግን ኤስኤስዲ መግባቱን ለፕላነሩ ማን ነገረው? ከተጫነበት ቀን ጀምሮ፣ ወዲያና ወዲህ እየዘለሉ አንድ ገጽ ማንበብ በተራ ከማንበብ አራት እጥፍ ይከብዳል ብሎ ያምናል። ያ ለሚሽከረከረው ዲስክ ነው። በዚህ ምክንያት ኢንዴክስ ሊጠቀም ሲገባው ሠንጠረዡን በሙሉ ማንበብ ይመርጣል። የገዛነውን ዕቃ እንዲጠቀምበት አንዲት ቁጥር ዝቅ ማድረግ ነበረብን፤ አላደረግንም።

— ሌላም አለ። አንቺ የምትለኪው ቀርፋፋውን ኩዌሪ ነው። የተራ ጥሪው ስክሪን ላይ ግን አንድም ቀርፋፋ ኩዌሪ የለም፤ ሁሉም 3 እና 4 ሚሊሰከንድ ናቸው። ስክሪኑ ግን ይንቀራፈፋል። ፕላን አንብበሽ ምን ታገኚያለሽ?

— ከፕላኑ ምንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል? ፕሮግራሙ 200 ታካሚ ዘርዝሮ የእያንዳንዱን ሐኪም ስም በተናጠል ይጠይቃል፤ 200 ጊዜ ሄዶ ይመለሳል። እሱን የሚያጋልጠው «ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ» ነው፤ ኩዌሪዎቹን በአማካይ ሳይሆን በጠቅላላ ጊዜያቸው ስትደረድራቸው ትንሿ አናት ላይ ትወጣለች። አንድ ጊዜ ጠይቆ ሁሉንም ማምጣት ነው መድኃኒቱ።

— እሺ፣ የመጨረሻውን ልበልሽ። ይህ ከልቤ ነው። ያነበብሽው ፕላን የትናንት ማታ ፕላን ነው። ስታቲስቲክሱ ሲታደስ ፕላነሩ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል፤ ማንም ምንም ሳይነካ፣ በአንድ ሌሊት። ፖስትግሬስ ደግሞ እንደ ሌሎቹ «በዚህ መንገድ ብቻ ሂድ» የሚል ትእዛዝ በተፈጥሮው አይቀበልም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት 5 ሚሊሰከንዱ 40 ሰከንድ ቢሆን፣ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ሰባቱን ሰከንድ ትናፍቃለች። ሰባት ሰከንድ መጥፎ ነው፤ ግን ታውቀዋለች። ለሰዉ «ታገሡ» የምትለው ስለምታውቀው ነው።

— ይህ እኔንም እንቅልፍ ይነሣኛል። ለስም ፍለጋው ብዙ አልፈራም፤ አንድ ሠንጠረዥ፣ አንድ ኢንዴክስ፣ እኩልነት ብቻ ነው፤ ፕላነሩ የሚሳሳትበት መንታ መንገድ የለውም። ለዚህ ነው ሰው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቃቸው ኩዌሪዎች አጫጭርና ገላጣ ይሁኑ የምለው። አምስት ሠንጠረዥ ለሚያጋጥመው ሪፖርት ግን ዋስትና ልሰጥህ አልችልም። ማድረግ የምችለው ቀርፋፋውም ፈጣኑም ኩዌሪ ፕላኑን ሎግ ላይ እንዲጥል ማድረግ ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት ሲበላሽ የሰኞውን ፕላን ከጎኑ አስቀምጠን እንድናይ።

— ሎጉ ላይ የታካሚ ስም ይወርዳላ። የተፈለገው ስም ኩዌሪው ውስጥ አለ።

— ይወርዳል። ዋጋዎቹን አውጥቶ ቅርጹን ብቻ የሚያስቀምጥም አለ፤ ግን ለአንዱ ስም ፈጥኖ ለሌላው የሚዘገይበትን ምክንያት ለማወቅ ስሙ ያስፈልጋል። ሎጉን ማን ያነበዋል የሚለውን ከአንተ ጋር መወሰን አለብን፤ ብቻዬን አልወስንም።

— ማመልከቻውንስ?

— ሰርቨሩን እፈርምልሃለሁ፤ ያለን አንድ ነው፤ ይህ ቢወድቅ የምንዞርበት ሌላ የለንም። «ፍለጋው ስለዘገየ» የሚለውን ግን አውጣውና ስለ መጠባበቂያ ጻፍ።

— ነገ ጠዋት ሰባቱ ሰከንድ እዚያው ካለ፣ እንዳለ ይሄዳል።

— ዛሬ ማታ ሰልፉ ሲያልቅ ኢንዴክሱን እሠራለሁ። ምዝገባ የማያቆመውን መንገድ ነው የምጠቀመው፤ ሠንጠረዡን ሁለቴ ስለሚያነብ ይቆያል፤ ድንገተኛ ክፍል ግን ሌሊትም ይመዘግባል።

— መሐል ላይ መብራት ቢሄድስ?

— ግማሹ የተሠራው ኢንዴክስ የማይሠራ ተብሎ ምልክት ይደረግበትና ይቀራል። እጥለውና እንደገና እጀምራለሁ።

— ስንት ሰዓት ልምጣ?

— ሁለት ሰዓት ሳይሞላ። እኔ ጋ ሳይሆን ካርድ ክፍል ግባና ከሠራተኛዋ አጠገብ ቆመህ ሰዓት ያዝልኝ። መጀመሪያ የምትጽፋቸውን አሥር ስሞች፣ አንድ በአንድ።